ሎሚ፣ ግንድ ወይስ ሊጥ? ስሌታችሁ ለብዙ ኮር ይመች እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ክፍል አለችኝ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ስሌት አላልቅ ያላቸው ተማሪዎች እዚያ ይመጣሉ። ከሳይንስ ፋኩልቲው ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚያጠኑ፣ ከአምስት ኪሎ መሐንዲሶች፣ አልፎ አልፎም ከስድስት ኪሎ የሕዝብ ቆጠራ መረጃ የተሸከሙ። ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ትልቅ ሰርቨር የት ይገኛል?

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ የመጣችው የውኃ ምህንድስና ተማሪም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። "ጋሼ፣ ሞዴሌ አንዴ ለመሥራት 6 ደቂቃ ይፈጃል። ፓራሜትሮቹን እየቀያየርኩ 2,000 ጊዜ ማስኬድ አለብኝ። 200 ሰዓት ሆነብኝ። ባለ 64 ኮር የሚያከራይ ያውቃሉ?" አለችኝ። ኮር ማለት በኮምፒውተሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል ነው፤ ላፕቶፗ ባለ አራት ኮር ነው። "ልጄ፣ ሰርቨሩን ለጊዜው ተይውና ወረቀት አውጪ" አልኳት። በዚያች ወረቀት ላይ የሠራነውን ነው እዚህ የምጽፈው።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንላለን። እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን ሸክሙ ሎሚ ሲሆን ነው። እያንዳንዱ ሰው አንዱን ሎሚ ይዞ በፈለገው መንገድ፣ በፈለገው ፍጥነት ይሄዳል። ሸክሙ ትልቅ ግንድ ከሆነ ግን ሰው ማብዛት ቢረዳም ሁሉም እግሩን እኩል ማንሳት አለበት፤ አንዱ ሲደናቀፍ ሁሉም ይቆማል። ሦስተኛም ዓይነት አለ፦ ሊጥ። ሊጡ ኮምጥጦ እስኪደርስ ሦስት ቀን ከፈለገ፣ አሥር ሰው ዙሪያውን ቢቆም ሦስት ቀኑ ሁለት አይሆንም። የምታመጡልኝን ስሌት ሁሉ መጀመሪያ የምመዝነው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው።

ወረቀቷ ላይ ምን ይጻፋል

መጀመሪያ ሰዓት ይለካል። ፕሮግራሙ ፋይል በማንበብ ስንት ደቂቃ፣ በዋናው ስሌት ስንት፣ ውጤት በመጻፍ ስንት እንደሚያጠፋ በየክፍሉ መመዝገብ ነው። በግምት የሚደረግ አይደለም፤ እኔ ራሴ ከስንት ዓመት በኋላም ስገምት እሳሳታለሁ። ከዚያ በየሥራው ቁራጭ ላይ ክብ አድርጉና "ይህ ከመጀመሩ በፊት ምን ማለቅ አለበት?" ብላችሁ ቀስት ሳቡ። ቀስት የሌላቸው ክቦች ጎን ለጎን ከተደረደሩ ሎሚ ነው። በየእርምጃው ለጎረቤት የሚሄድ ቀስት ካለ ግንድ ነው። ክቦቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ ክር ላይ ከተሰኩ ሊጥ ነው።

የተማሪዋ ሞዴል ከውስጥ ሲታይ ሊጥ ይመስላል። የዛሬው የአፈር እርጥበት ሳይታወቅ የነገው ጎርፍ አይሰላም፤ የነገው ሳይታወቅ የተነገ ወዲያው አይሰላም። የብዙ ዓመት ዝናብ በአንድ ክር ላይ ነው። እሷም "እንግዲያውስ አይሆንም ማለት ነው?" ብላ ደነገጠች። ነገር ግን ያየችው አንዱን ስሌት ብቻ ነው። ከፍ ብለን ስናየው 2,000 ስሌቶች አሉ፤ አንዱ ከሌላው የሚጠብቀው ምንም የለም። ሎሚው ከላይ ነበር። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ ሥራው የሚከፈለው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ፈልጉ፤ ፍለጋውንም ሁልጊዜ ከላይ ጀምሩ። ከላይ ከተከፈለ የሞዴሉን ኮድ አንድ መስመር እንኳ መንካት አያስፈልግም።

ታች ወርደንም ለማየት ሞከርን፤ ትምህርት ስለሆነ። ሞዴሏ የሚያሰላቸው፣ ወደ ጣና የሚፈሱት ወንዞች፣ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ፣ ሐይቁ እስኪገቡ ድረስ አይገናኙም። ስለዚህ አራቱን ለአራት ኮር መስጠት ይቻላል። ችግሩ ግልገል አባይ ከሁሉም ትልቁ መሆኑ ነው። ሦስቱ ኮሮች ቀድመው ይጨርሱና እጃቸውን አጣጥፈው እሱን ይጠብቃሉ። የሥራ ድርሻ እኩል ካልሆነ ጠቅላላው ጊዜ የትልቁ ጊዜ ነው። ክፍፍሉ ከላይ ሲሆን ግን ይህ ችግር በቀላሉ ይፈታል፦ 2,000ዎቹን አስቀድሞ ለአራት አትከፋፍሉ፤ አንድ ወረፋ ላይ አስቀምጧቸውና የጨረሰ ኮር የሚቀጥለውን ይውሰድ።

የሎሚ ሥራዎችና ወጥመዶቻቸው

በሳይንስ ስሌት ውስጥ ሎሚ ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው። አሥር ሺህ የጂን ቅደም ተከተሎችን ከአንድ የመረጃ ቋት ጋር ማነጻጸር፣ የሳተላይት ምስሎችን አንድ በአንድ መተንተን፣ አንድን መድኃኒት ይሆናል የተባለ ሞለኪውል ከብዙ ፕሮቲኖች ጋር መሞከር፣ የድልድይ ዲዛይንን በተለያየ ጭነት መፈተሽ። ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ዘዴም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሒሳብ ሊቃውንቱ ስታኒስላቭ ኡላምና ጆን ፎን ኖይማን የኒውትሮንን ጉዞ ለመከታተል ያዳበሩት ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት በዕጣ መንገዱን ይሄዳል፣ ሌላውን አይጠብቅም። የስህተቱ መጠን የሚቀንሰው በናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ፣ አንድ አሃዝ ትክክለኛነት ለመጨመር መቶ እጥፍ ናሙና ይጠይቃል። ብዙ ኮር የሚወደደውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ስህተት ሠርቼ አውቃለሁ። የጋማ ጨረር በእርሳስ ግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ የሚያሰላ ፕሮግራም ለአንድ የፊዚክስ ተማሪ በስምንት ኮር ላይ አስነሣሁለት። ውጤቶቹ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ድረስ አንድ ሆኑ። ለጥቂት ሰዓት ሁለታችንም ደስ አለን። ከዚያ ገባኝ፦ ኮምፒውተሩ የዕጣ ቁጥሮቹን ማውጣት የሚጀምርበትን መነሻ ለስምንቱም አንድ አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ስምንቱም የወጡት በአንድ ዕጣ ነው። ያገኘነው ስምንት እጥፍ ናሙና ሳይሆን የአንድ ናሙና ስምንት ቅጂ ነበር። ልጁ የአንድ ሳምንት ሥራ ደገመ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮር የተለየ መነሻ ስጡ፤ የምትጠቀሙበት ቋንቋ ለትይዩ ሥራ የተዘጋጀ የዕጣ ቁጥር አመንጪ ካለው ደግሞ እሱን ምረጡ።

ሁለተኛው ወጥመድ ሜሞሪ ነው። አንዱ ስሌት አንድ ተኩል ጊጋባይት ከፈለገ ስምንቱ 12 ይፈልጋሉ። ላፕቶፑ 8 ብቻ ካለው የተረፈው ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምርና ከአንድ ኮር የባሰ ይንቀራፈፋል። ሦስተኛው፣ እንደ ፓይተን ቋንቋው ነምፓይ ያሉ የማትሪክስ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የሚገኙ የኮድ ስብስቦች፣ ሳትነግሯቸው ራሳቸው ሁሉንም ኮር ሊጠቀሙ ይችላሉ። ስምንት ስሌት አስነሥታችሁ እያንዳንዱ ስምንት ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ ክር፣ ከከፈተ በስምንት ኮር ላይ 64 ሠራተኛ ይጋፋል። ከላይ የምትከፍሉ ከሆነ የላይብረሪውን የትሬድ ብዛት አንድ ብቻ አድርጉት።

ግንድ ተሸካሚዎች

በ1922 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የአየር ሁኔታን በቁጥር ስለመተንበይ መጽሐፍ አሳተመ። ኮምፒውተር ገና አልነበረም። 64,000 ሰዎች እንደ ቴአትር አዳራሽ ባለ ክብ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የዓለምን አንዲት ቁራጭ ሲያሰሉ አሰበ። መሐል ላይ የቆመው መሪ በቀደሙት ላይ ቀላ ያለ ብርሃን፣ ወደኋላ በቀሩት ላይ ሰማያዊ ብርሃን ያበራል። ዛሬ ግንድ የሚሸከሙ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ብርሃኑ በመልእክት ተተካ እንጂ።

የአየር ሁኔታ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሰት፣ የሙቀት ስርጭት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ፣ በአውሮፕላን ክንፍ ላይ የሚያልፍ አየር፦ በሁሉም ቦታው በካሬ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ካሬ በየእርምጃው የጎረቤቱን ዋጋ ይፈልጋል። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያለውን የአየር ብክለት ለማስላት ከተማዋን በ1,200 በ1,200 ካሬ ከፈልን እንበል። 1,440,000 ካሬ ነው። ለ100 ኮር ስናካፍል ለእያንዳንዱ 120 በ120 የሆነ ቁራጭ ይደርሰዋል፤ 14,400 ካሬ ያሰላል፣ ከአራቱ ጎረቤቶቹ ደግሞ 480 የድንበር ዋጋ ይቀበላል። ወሬው፣ ማለትም ከጎረቤት የሚቀበለው፣ ከሥራው 3 በመቶ ያህል ነው፤ ግሩም። ያንኑ ከተማ ከምሥራቅ ምዕራብ በተዘረጉ ረጃጅም መቀነቶች ብንቆርጠው ለእያንዳንዱ ኮር 12 በ1,200 ይደርሰዋል። የሚሠራው ያው 14,400 ነው፤ የሚቀበለው ግን 2,400 ሆነ፣ 17 በመቶ ገደማ። አቆራረጡ ብቻ ወሬውን አምስት እጥፍ አደረገው። አሁን ደግሞ ስስታችን አይሎ 3,600 ኮር ብናመጣ እያንዳንዱ 20 በ20 ይደርሰዋል፤ 400 አስልቶ 80 ይቀበላል፣ 20 በመቶ። መልእክት ከስሌት በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ኮሮቹ ከሚሠሩት ይልቅ የሚጠብቁት ይበልጣል።

ስለዚህ የግንድ ሥራ ሲኖራችሁ የምትጠይቁት "ስንት ኮር አለ?" ሳይሆን "ለአንድ ኮር ስንት ካሬ ይደርሰዋል?" የሚለውን ነው። ቁራጩ ወፍራም፣ ቅርጹም ወደ እኩል ጎን የቀረበ ይሁን። ደግሞም ካሬዎቹን ስታጠብቡ የጊዜ እርምጃውም አብሮ መጥበብ እንዳለበት አትርሱ። የሒሳብ ሊቃውንቱ ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ በ1928 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነው። ካሬውን በግማሽ ስታሳንሱ የካሬው ብዛት አራት እጥፍ፣ የእርምጃው ብዛት ሁለት እጥፍ ይሆናል። አራቱን እጥፍ ለኮሮች ማካፈል ትችላላችሁ፤ ሁለቱን እጥፍ ግን ሊጥ ነው።

አንዳንዴ ሊጥ የሚመስለውን ወደ ግንድ መለወጥ ይቻላል፤ ይህ በጣም የምወደው የሥራው ክፍል ነው። ጋውስ-ሳይደል በሚባለው የእኩልታ መፍቻ ዘዴ እያንዳንዱ ካሬ አሁን የታደሰውን የጎረቤቱን ዋጋ ስለሚጠቀም ሁሉም በሰልፍ ይጠብቃል። ካሬዎቹን እንደ ዳማ ሰሌዳ ቀይና ጥቁር አድርጋችሁ ቀቧቸው። ቀዩ የሚጠብቀው ጥቁሮችን ብቻ፣ ጥቁሩም ቀዮችን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቀዮቹን በሙሉ በአንዴ፣ ከዚያ ጥቁሮቹን በሙሉ በአንዴ ማስላት ይቻላል። ሰልፉ ወደ ሁለት እርምጃ ወረደ።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ትልልቅ ማትሪክሶችን ማባዛት ለብዙ ኮር እጅግ ይመቻል፤ የማትሪክሱ ጎን በእጥፍ ሲያድግ ዳታው አራት እጥፍ፣ ስሌቱ ግን ስምንት እጥፍ ስለሚሆን አንዴ የመጣ ቁጥር ብዙ ይሠራበታል። ራሳችሁ አትጻፉት፣ የተዘጋጀ ላይብረሪ አለ። ሞገድን ወደ ድግግሞሾቹ የሚተነትነው የፉሪየር ትራንስፎርም ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲነጋገር ስለሚያስገድድ በአንድ ማሽን ውስጥ ደህና ነው፤ በብዙ ማሽኖች መካከል ግን ኔትወርኩ ይፈትነዋል። ግራፊክስ ካርድ ሺዎች ትንንሽ ኮሮች አሉት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ትእዛዝ በተለያየ ቁጥር ላይ ሲፈጽሙ ይበርራል፤ ኮዱ "እንዲህ ከሆነ ወደዚህ፣ ካልሆነ ወደዚያ" ሲበዛበት ግን ይደክማል።

ሊጡ እስኪደርስ

የኬሚስትሪ ተማሪዎች በሞለኪውል እንቅስቃሴ ሲሙሌሽን ይመጣሉ። አንዱ እርምጃ ብዙውን ጊዜ 2 ፌምቶሰከንድ ነው፤ ፌምቶሰከንድ የማይክሮሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። አንድ ማይክሮሰከንድ ለማየት 500 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱም ያለፈውን ይጠብቃል። በአንዱ እርምጃ ውስጥ የአቶሞቹ ኃይል ለብዙ ኮር ይከፋፈላል፤ 10,000 አቶም ቢሆን ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥንዶች አሉ። ስለዚህ ኮር መጨመር ትልቅ ሞለኪውል ለማየት ይረዳል፤ ረጅም ጊዜ ለማየት ግን ከአንድ ወሰን በኋላ አይረዳም። ይህን ለተማሪ መንገር ይከብዳል፣ ግን ገንዘቡን ሰርቨር ላይ ከማፍሰሱ በፊት ማወቅ አለበት።

የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 እ.ኤ.አ. ያነሣው ሐሳብ እዚህ ይገባል። ሥራችሁ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ሰዓት የማይከፈል ነው፣ ለምሳሌ አንድ ትልቅ ፋይል ማንበብ። ዘጠኙ ሰዓት ፍጹም ይከፈላል። በ8 ኮር 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። በ64 ኮር 1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ። በ1,000 ኮር 1 ሰዓት ከ32 ሰከንድ። ከ64 በላይ የሚከፈል ብር የሚገዛው ጥቂት ደቂቃዎችን ነው። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ያቺን አንድ ሰዓት ማሳጠር ነው፤ ፋይሉን ከጽሑፍ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ወደሚያነበው ባይነሪ መለወጥ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ጉስታፍሰን በ1988 እ.ኤ.አ. የጨመረው ነገርም ልክ ነው፦ ሰው ትልቅ ማሽን ሲያገኝ ትልቅ ችግር ያመጣል፤ የማይከፈለው ክፍል አብሮ ካላደገ ብዙ ኮር ይጠቅማል።

አንድ ደብተር፣ ሁለት እጅ

በአንድ ሜሞሪ ላይ ለሚሠሩ ኮሮች ኦፕንኤምፒ፣ በተለያየ ማሽን ላይ ሆነው መልእክት ለሚለዋወጡ ኤምፒአይ የሚባሉ የፕሮግራም መጻፊያ መሣሪያዎች አሉ። በኦፕንኤምፒ ከጀመራችሁ የእቁብ ደብተርን አስቡ። ደብተሩ 5,000 ይላል። ሁለት ሰዎች እኩል ተመለከቱት፤ ሁለቱም 500 ተቀብለው 5,500 ብለው ጻፉ። ገንዘቡ 6,000 መሆን ሲገባው አንዱ 500 ከደብተሩ ጠፋ። ኮሮችም በአንድ ድምር ላይ እኩል ሲጽፉ እንዲሁ ያደርጋሉ፣ ያውም አንድ ቀን ብቅ ብሎ በማግስቱ ይሰወራል። ለእያንዳንዱ ኮር የራሱን ድምር ስጡትና መጨረሻ ላይ ደምሩ።

ይህን አስተካክላችሁም የመጨረሻዎቹ አሃዞች ከአንድ ኮሩ ውጤት ትንሽ ቢለዩ አትደንግጡ፤ ኮምፒውተር አስርዮሽ ቁጥሮችን በተለያየ ቅደም ተከተል ሲደምር ማጠጋጋቱ ይለያያል። የፊተኞቹ አሃዞች ከተለዩ ግን ሥራውን አቁሙና ስህተቱን ፈልጉ።

መሞከሪያው

ትልቁን ሥራ ከማስነሣታችሁ በፊት ትንሽ ቁራጩን በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 ለኩ። ተማሪዋ 40 ስሌት ወስዳ ሞከረች። በአንድ 240 ደቂቃ፣ በሁለት 121፣ በአራት 63፣ በስምንት 55 ሆነላት። ከአራት ወደ ስምንት ያገኘችው ጥቂት ነው፤ ላፕቶፑ ስምንት ብሎ ቢያሳይም እውነተኛ ኮሩ አራት ነውና። የተቀሩት አራቱ የሚሠሩት በዋናዎቹ ክፍተት ነው። ስምንት ስሌት ሲነሣ ሜሞሪው እንደሚበቃ አየንና ስምንት አልን።

እያንዳንዱ ስሌት ሲያልቅ ውጤቱን በራሱ ፋይል እንዲጽፍ፣ ፕሮግራሙም ሲነሣ የተጻፉትን እየዘለለ እንዲጀምር አደረግነው። ይህ ለእኛ አገር ግዴታ ነው። ሎሚ የያዘ ሰው መብራት ሲጠፋ የሚጥለው በእጁ ያለውን ብቻ ነው። ግንድ የሚሸከም ፕሮግራም ግን የሁሉንም ኮር ሁኔታ በአንድነት በየጊዜው ዲስክ ላይ ካላስቀመጠ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አስነሣችው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መብራት ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፋ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ስለነበር ወዲያው ዘጋ። ሲመለስ አስነሣችው፤ የጠፉት በእጅ የነበሩት ስምንቱ ብቻ ናቸው። ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ 2,000ኛው ፋይል ተጻፈ።